በቤት ውስጥ በሚበቅል ካናቢስ ሥር ላይ ለሚሰፍር ተባይ፦ ሲስተሚክ መድኃኒት የት ይገባል፣ የት አይገባም

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሕግ በሚፈቅድበት ቦታ በቤታቸው ጥቂት የካናቢስ ተክሎችን ለሚያሳድጉና የተክሎቻቸው ሥር በተባይ ለተወረረባቸው አዋቂዎች ነው። በየአትክልት መደብሩ በቀላሉ የሚገኘው፣ አፈር ላይ ተነስንሶ ወይም በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው፣ ባለሙያዎች ሲስተሚክ የሚሉት መድኃኒት የሥር ተባይን በእርግጥ ይገድላል። ችግሩ መድኃኒቱ በሥር በኩል ተመጥጦ በግንድ፣ በቅጠልና በአበባ ውስጥ ተሰራጭቶ የሚቆይ መሆኑ ነው፤ ካናቢስ ደግሞ እንደ ጌጥ አበባ ታይቶ የሚቀር ሳይሆን ደርቆ የሚጨስ ወይም ከምግብ ጋር የሚበላ ተክል ነው። ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው አሠራር ሲስተሚክ መድኃኒትን ከካናቢሱ ያርቃል፤ በዚያው ክፍል ለሚገኙ የጌጥ ተክሎች ብቻ በጥንቃቄ ይፈቅደዋል፤ ካናቢሱን ግን በሌላ መንገድ ያጸዳል።

ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ

በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2014 በሕዝብ ድምፅ ጸድቆ በ2015 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ሰው በመኖሪያ ቤቱ እስከ 6 ተክል እንዲያሳድግ ይፈቅዳል፤ ከነዚህ መካከል ለአበባ የደረሱት ከ3 መብለጥ የለባቸውም። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ለአንድ ቤት 4 ተክል፣ ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ለአንድ ቤት 2 ተክል ፈቅደዋል። በኢትዮጵያ ማብቀሉ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለአገር ቤት የሚሆን መመሪያ አይደለም። በአሜሪካም ቢሆን የክፍለ ግዛት ፈቃድ በፌዴራል ሕግ ፊት ዋስትና አይሆንም። የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ክፍለ ግዛቱ የፈቀደው የካናቢስ ሥራ እንኳ የዜግነት አመልካችን የመልካም ሥነ ምግባር መስፈርት ሊያሳጣው ይችላል። ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት የሚጠብቅ ወይም ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ አንባቢ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር ዘሩን ባይነካ ይሻለዋል፤ ከተባዩ ይልቅ የሚያስፈራው ይህኛው ነው።

ተባዩን መለየት

አብዛኛው ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው ተባዩን ሳይለይ ነው፤ በመደብር የሚሸጡት ነገሮች ግማሹ ለአንዱ ተባይ ሠርቶ ለሌላው ፈጽሞ የማይሠራ በመሆኑ ግን ይህ ደረጃ ሊዘለል አይገባም። በቤት ውስጥ ካናቢስ ሥር ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው፤ የሥር ክሽክሽ (በእንግሊዝኛ root aphid) እና የአፈር ትንኝ (fungus gnat) ዕጭ።

የሥር ክሽክሽ በአሜሪካ ካናቢስ ላይ በተደጋጋሚ የተገኘው የሩዝ ሥር ክሽክሽ የሚባለው ዝርያ ነው። መጠኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀለሙ ከወይራ አረንጓዴ እስከ ጥቁር አረንጓዴ ይደርሳል፤ በኋለኛው ጫፉ አካባቢ ቀላ ያለ ጥላ ይታይበታል። ሥሩ ላይ አፉን ሰክቶ የተክሉን ጣፋጭ ፈሳሽ ይመጣል። በቤት ውስጥ የሚገኙት በአብዛኛው ሴቶች ብቻ ሲሆኑ ያለ ወንድ ይራባሉ፣ ዕንቁላልም ሳይጥሉ ሕያው ግልገል ይወልዳሉ፤ አንዲት ክሽክሽ ብቻዋን መንጋ ልትሆን የምትችለው ለዚህ ነው። ቦታው ሲጠባቸው ክንፍ ያወጡና ከማሰሮ ወደ ማሰሮ ይበራሉ። የአፈር ትንኝ በበኩሉ ጥቁርና ደቃቅ ሲሆን ከእርጥብ አፈር ላይ ብድግ እያለ በዝግታ ይበራል። ዕጩ ነጭና ውስጡ የሚታይ ትል መሳይ ነው፤ የሚያስታውቀው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጭንቅላቱ ነው።

በተክሉ ላይ የሚታየው ምልክት ያሳስታል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ ዕድገቱ ይገታል፣ ውሃ ጠጥቶም ጠውልጎ ይታያል፤ አሳዳጊው የማግኒዚየም ወይም የብረት እጥረት መስሎት ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ተክሉም በተጎዳ ሥሩ ላይ የጨው ጫና ይደረብበታል። ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት የሚከተለውን ያድርጉ። አፈሩ ለብ ያለ እርጥበት ብቻ ሲቀረው የግንዱን ሥር በሁለት ጣቶች መካከል አስገብተው ማሰሮውን ገልብጠው መታ መታ ያድርጉት፤ የሥሩ ኳስ ሳይፈርስ ይወጣል። ከዚያ ሥሩ የማሰሮውን ግድግዳ የሚነካበትን ዙሪያና በተለይም በማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ አቅጣጫ ያለውን ክፍል አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነፅር ይመርምሩ። ክሽክሽ ካለ በቀጫጭን ሥሮች ላይ ተሰባስቦ፣ አንዳንዴም ከነጭ የቆዳ ልጣጩ ጋር ያገኙታል። ማሰሮውን መገልበጥ የማይቻል ከሆነ ውሃ በደንብ አጠጥተው ከታች በሰሃኑ ላይ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ በነጭ ሳህን ላይ አፍስሰው ይዩት፤ ተንሳፋፊ ነጠብጣቦች ሲንቀሳቀሱ ከታዩ ጉዳዩ ተፈትቷል።

ለትንኝ ዕጭ የሚሆነው ፈተና ሌላ ነው። ከጥሬ ድንች አንድ ወፍራም ክብ ቆርጠው አፈሩ ላይ ይጫኑት፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሲያነሱት ዕጮቹ ከሥሩ ተሰብስበው ይገኛሉ። የሚያጣብቅ ቢጫ ካርድም ከአፈሩ ከፍ ብሎ መተከል ይኖርበታል፤ ነገር ግን በካርዱ ላይ የተጣበቀውን ሁሉ ትንኝ ነው ብሎ ማለፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ክንፍ ያወጣው የሥር ክሽክሽም እዚያው ይጣበቃል። ልዩነቱ በመነፅር ይታወቃል፤ ክሽክሹ በሆዱ ጫፍ ሁለት ትናንሽ ቱቦዎች አሉት፤ ትንኙ እነዚህ የሉትም፣ እግሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ በክንፉ ላይም እንደ ባላ የተከፈለ ጅማት ይታያል።

ሲስተሚክ መድኃኒት ካናቢስ ላይ የማይደረግበት ምክንያት

ለቤት ተክል የሚሸጡት ሲስተሚክ መድኃኒቶች በአብዛኛው ኢሚዳክሎፕሪድን የያዙ ናቸው፤ ዳይኖቴፉራንና አሴፌትም አሉ። ኢሚዳክሎፕሪድ በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ የተመዘገበ ሲሆን የነፍሳትን የነርቭ መልእክት መቀበያ በመያዝ ይገድላል። በአፈር ውስጥ ሲሰጥ ውሃ በሚያመላልሱት የተክሉ ቱቦዎች ተስቦ ወደ ላይ ይወጣል፤ የውሃው ጉዞ የሚያበቃው ደግሞ ቅጠልና አበባ ላይ ነው። በአፈር ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ የሚፈጀው ጊዜ እንደ አፈሩ ዓይነት ከ40 ቀን አንሥቶ ከሁለት ዓመት በላይ ሊደርስ ይችላል። ካናቢስ ከዘር እስከ አጨዳ ጥቂት ወራት ብቻ ስለሚወስድ፣ «በልጅነቱ ሰጥቼው እስከ አበባው ይጠፋል» የሚለው ሒሳብ አስተማማኝ አይደለም።

ቅሪቱን ከአበባው በማጠብ ማስወገድ አይቻልም፤ ያለው በተክሉ ሥጋ ውስጥ ነውና። ማጨስም አያጠፋውም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት በተክሉ ላይ ከነበሩት የተባይ መድኃኒት ቅሪቶች ውስጥ እንደ ማጨሻው ዓይነት እስከ 70 በመቶ የሚጠጋው ወደ ጢሱ ተላልፎ ተገኝቷል። ቅቤ ወይም ዘይት ውስጥ ማውጣትም መፍትሔ አይሆንም፤ የተክሉ ንጥረ ነገር ሲከማች ቅሪቱም አብሮ ሊከማች ይችላል። በምግብ ሰብል ላይ የሚፈቀደው የቅሪት መጠን የተሰላው ሰው ይበላዋል ተብሎ ነው፤ ወደ ሳንባ ሲገባ ምን ያህል ይጎዳል የሚለው በዚያ ሒሳብ አይመለስም። ኦሪገን ለሽያጭ በሚቀርብ ካናቢስ ውስጥ ለኢሚዳክሎፕሪድ የወሰነችው ጣሪያ በሚሊዮን 0.4 እጅ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አይሸጥም። በቤት የበቀለውን ግን ማንም አይመረምረውም፤ ስለዚህ በመደብር ተገዝቶ ከሚጨሰው ይልቅ በራስ እጅ የተመረዘው የከፋ ሊሆን ይችላል።

ሕጉም በዚሁ በኩል ነው። በአሜሪካ የተባይ መድኃኒትን ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ውጭ መጠቀም ሕገ ወጥ ነው፤ የቤት ተክል ኢሚዳክሎፕሪድ ማሸጊያ ደግሞ ለጌጥ ተክል ብቻ መሆኑን ይናገራል። ከአገር ቤት የግብርና ልምድ ያለው አንባቢ ለባቄላ ክሽክሽ የሚረጨውን ዳይሜቶኤት ያስታውስ ይሆናል፤ እርሱም ሲስተሚክ ነው፤ በካሊፎርኒያ በካናቢስ ውስጥ ጨርሶ እንዳይገኝ ከተከለከሉት መካከል ይገኛል። በሻንጣ የመጣ፣ መለያ ጽሑፍ የሌለው ብልቃጥ ቤት ውስጥ መከፈት የለበትም።

በአንዳንድ አሳዳጊዎች ዘንድ የሚነገረው «እናት ተክሉን ብቻ አክሜ ከእርሱ ቅንጥብ እወስዳለሁ» የሚለው ዘዴም (ቅንጥብ ማለት አዲስ ሥር እንዲያወጣ ተቆርጦ የሚተከል የቅርንጫፍ ጫፍ ነው) ከዚህ አያመልጥም፤ ቅንጥቡ ከእናቱ የወረሰውን ቅሪት ይዞ ነው ሥር የሚተክለው። ሥር የተከለ ቅንጥብ ከሌላ ሰው ሲቀበሉም ምን እንደተሰጠው መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሻጩ በግልጽ ካልመለሰ ተክሉን ይተዉት።

ሲስተሚክ መድኃኒት የሚገባበት ቦታ

በዚያው ክፍል ያሉት ፊከስ፣ ድራሴናና መሰል የጌጥ ተክሎች በተባዩ ከተያዙ የችግሩ ምንጭ ሆነው ይቀጥላሉ፤ እነርሱን በሲስተሚክ መድኃኒት ማከም ይቻላል። ይህን ሲያደርጉ አስቀድመው ተክሉን ካናቢስ ወደሌለበት፣ ሕፃንና የቤት እንስሳ ወደማይደርስበት ክፍል ይውሰዱት። ጓንት ያድርጉ፤ በማሸጊያው ላይ እንደ ማሰሮው ስፋት የተጻፈውን መጠን ብቻ ይለኩ፤ ደቃቁን መድኃኒት ከአፈሩ ጋር በጥቂቱ ቀላቅለው ውሃ ያጠጡ። በሰሃኑ ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ ለሌላ ተክል አይስጡ። ለዚህ ሥራ የዋለ ማጠጫ፣ ማንኪያና መለኪያ ተለይቶ ምልክት ይደረግበት፤ የወጥ ቤት ዕቃ ፈጽሞ አይሁን። የታከመው ተክል ካበበ ወደ ውጭ አይወጣም፤ የአበባው ማርና ዱቄት ንብን ይጎዳል። አፈሩም በኋላ ለካናቢስ ወይም ለአትክልት መደብ አይውልም።

በዲሲና በአካባቢው ያለው ወገናችን በረንዳ ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ቃሪያና ጎመን በማሰሮ እንደሚያሳድግ የታወቀ ነው። እነዚህ የሚበሉ በመሆናቸው ለካናቢሱ የተነገረው ክልከላ እነርሱንም ይመለከታል። ለቡና የሚቆረጠው ጤና አዳም ከታከመው የጌጥ አበባ ጎን፣ በአንድ ሰሃን ላይ ተቀምጦ ከታየ ወዲያው ይለይ።

ካናቢሱን በሌላ መንገድ ማጽዳት

የሚወሰደው እርምጃ በተክሉ ዕድሜ ይወሰናል። ገና ቅጠል እያወጣ ያለና አበባ ያልጀመረ ተክል በሥር ክሽክሽ ክፉኛ ከተያዘ፣ ከመድኃኒት ሁሉ የሚልቀው መንገድ ሥሩን ትቶ ጫፉን ማዳን ነው። ክሽክሹ የሚኖረው ሥር ላይ ስለሆነ ከላይኛው ክፍል የሚወሰድ ቅንጥብ አዲስ ሕይወት ሊጀምር ይችላል። በአልኮል በተጸዳ ስለት ከጤናማ ቅርንጫፍ ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ይቁረጡ፤ ታችኛዎቹን ቅጠሎች ያንሱ፤ ቅንጥቡን በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው የቅጠሉን ጀርባና የቅርንጫፉን ብብት በመነፅር ይመርምሩ፤ ከዚያ አፈር ነክቶት በማያውቅ አዲስ መትከያ ላይ፣ በሌላ ክፍል ሥር እንዲተክል ያድርጉ። አሮጌው ተክል ከነአፈሩ በወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ በዚያው ቀን ከቤት ይወጣል፤ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣልም። የተክል ቁጥር ገደብ ቅንጥቦችንም ሊያጠቃልል ስለሚችል ከሚያስፈልገው በላይ አይቁረጡ።

ወረራው ቀላል ከሆነ ወይም ተክሉን ለማቆየት ከተፈለገ፣ ቦቬሪያ ባሲያና የተባለው ነፍሳትን የሚያጠቃ ፈንገስ በሥር ላይ ይፈስሳል። ፈንገሱ የሚሠራው ዘሩ በተባዩ ቆዳ ላይ አርፎ ወደ ውስጥ ሲበቅል ነው፤ ስለዚህ ፈሳሹ ክሽክሹን መንካት አለበት። አፈሩ ፈጽሞ ሳይደርቅ፣ ነገር ግን ገና ውሃ ባልጠገበበት ሰዓት፣ በማሸጊያው መጠን የተበጠበጠውን ከታች እስኪያፈስ ድረስ በዝግታ ያጠጡ፤ ማሰሮው ሙሉ በሙሉ ካልረጠበ መሐል ያሉት ይተርፋሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ ከንቱ ድካም ነው፤ ግልገሎቹ ስለሚቀጥሉ በማሸጊያው በተፈቀደው ልዩነት ይደጋገማል። በዚሁ ጊዜ ለሌላ በሽታ የፈንገስ መድኃኒት ከሰጡ ቦቬሪያውንም ይገድሉታል። ዱቄቱን ሲበጠብጡ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ የሰውነት መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ይህን ሥራ ባይሠራው ይመረጣል። ከኒም ዛፍ የሚገኘው አዛዲራክቲንም በዚህ የቅጠል ዘመን በሥር በኩል ሊሰጥ ይችላል። የሚገዛው ምርት ለካናቢስ የሚፈቀድ መሆኑን ለማጣራት የኦሪገን፣ የኮሎራዶና የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የግብርና መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡትን የተፈቀዱ ምርቶች ዝርዝር መመልከት ይጠቅማል፤ ዝርዝሩ የተዘጋጀው ለነጋዴ አሳዳጊዎች ቢሆንም የቤት አሳዳጊውንም ይመራል።

ለአፈር ትንኝ ነገሩ ይቀልላል። በመጀመሪያ የላይኛው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያለው አፈር በሁለት ውሃ መካከል እንዲደርቅ ያድርጉ፤ ትንኟ ዕንቁላሏን የምትጥለው እርጥብ አፈር ላይ ነው። ቀጥሎ ቢቲአይ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀውን ባክቴሪያ በውሃ ያጠጡ፤ ዕጩ በልቶት ይሞታል። ስቴይነርኔማ ፌልቲዬ የሚባሉት ኔማቶዶችም (ደቃቅ ትሎች ናቸው) ዕጩን አድነው ይገድላሉ፤ ሕያው ስለሆኑ ግን በማቀዝቀዣ ተቀምጠው፣ በተበጠበጡበት ቀን፣ ለብ ባለና እርጥብ አፈር ላይ መስጠት ግድ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለሥር ክሽክሽ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ ክሽክሹ የተክል ፈሳሽ እንጂ አፈር ውስጥ ያለውን ስለማይበላ ቢቲአዩ አይደርሰውም፤ ኔማቶዶቹም በእርሱ ላይ የሚያደርጉት ጥቂት ነው።

ተክሉ አበባ ከያዘ በኋላ ተባዩ ከተገኘ ምርጫው ይጠብባል። አበባው ላይ ዘይት፣ ሳሙናም ሆነ ኒም አይረጭም። የሚቀረው ተክሉን ከሌሎቹ ለይቶ፣ ቢጫ ካርድ በዙሪያው አቁሞ፣ ማዳበሪያውን ቀንሶ፣ ውሃውን አመጣጥኖ እስከ አጨዳ ማድረስ ነው። ምርቱ ያንሳል፤ ንጹሕ ግን ይሆናል። በስሕተት ሲስተሚክ መድኃኒት የተሰጠው ተክል ግን በማንኛውም ዕድሜ ላይ ቢሆን ለመጠቀም አይቀመጥም፣ ለወዳጅም አይሰጥም፤ ከነአፈሩ ይወገዳል።

ከጽዳቱ በኋላ

ማሰሮዎቹን በብሩሽ ፍቀው አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበጠበጠበት ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ከዚያ በደንብ ያለቅልቁ። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባለቅ። ያገለገለ አፈርን መልሶ መጠቀም አይመከርም፤ የግድ ከሆነ ውስጡ 82 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ይሞቃል፤ ሽታው ግን ቤቱን ስለሚይዝ ከአዲስ አፈር ዋጋ ጋር ያመዛዝኑት። የሩዝ ሥር ክሽክሽ በሣር ሥሮች ላይም ስለሚኖር ማሰሮን ሣር ላይ ማስቀመጥና ከጓሮ የተቆፈረ አፈርን ወደ ቤት ማስገባት በር መክፈት ነው። ጉንዳን በማሰሮ ዙሪያ ሲመላለስ ከታየም ሥሩን ይመርምሩ፤ ጉንዳን ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ይጠብቀዋል። አዲስ የመጣ ተክል ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ለብቻው ቆይቶ ሥሩ ከታየ በኋላ ብቻ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል።

የተረፈ ሲስተሚክ መድኃኒት በመጀመሪያ ማሸጊያው፣ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ በውሃ ጠርሙስ ወይም በምግብ ዕቃ አይገለበጥም። የማይፈለግ ከሆነ ወደ መታጠቢያ ወይም ወደ መጸዳጃ አይፈስስም፤ አውራጃው አደገኛ የቤት ቆሻሻ በሚቀበልበት ቦታ ይረከባል። ሰው ከዋጠው ወይም ዓይኑ ውስጥ ከገባ ማሸጊያውን በእጅ ይዞ በአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከልን በ1-800-222-1222 መደወል ይገባል፤ አገልግሎቱ ቀኑንም ሌሊቱንም የሚሰጥ ሲሆን አስተርጓሚም ይጠየቃል። ሰውየው ከወደቀ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን በቀጥታ 911 ይደወላል።